ድምፁ ሌላ የሆነ ሞተር

ዝናሽ መኪና መንዳት የተማረችው ባሏ ዓብዩ ከሞተ በኋላ ነው። ዓብዩ በጉበት ሕመም ሲያርፍ የተወላት አንዲት አሮጌ ኮሮላና አባቱን ጋሽ ወልደማርያምን ነበር። መኪናዋ ከውጭ ሲያዩአት የማንም ኮሮላ ትመስላለች፤ ኮፈኗ ሲከፈት ግን ውስጧ ያለው ለሩጫ የተሠራ ሞተር ነው። ዓብዩ ሞተሩን ከጅቡቲ አስመጥቶ ከመካኒክ ጓደኛው ከጦልሃ ጋር የገጠመው ገና ከዝናሽ ጋር እጮኛሞች ሳሉ ነው። "መጀመሪያ ያገባው መኪናዋን ነው" እያለች ትቀልድበት ነበር።

አሁን በዚያች መኪና ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነች ከከተማ ወጣ ብሎ ዋሂል ላሉ ሱቆች ታደርሳለች። ባጃጅ ነጂዎቹ ይተርቧታል።

"አቦ፣ በዚህ ፍጥነት ቲማቲሙ ድልህ ሆኖ ነው የሚደርሰው!"

ትስቃለች፤ ትነዳለች።

የሚከብዳት መመለሱ ነበር። ጋሽ ወልደማርያም ዕድሜያቸውን የባቡር ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ነገር ይጠፋባቸዋል። የበሉትን ይረሳሉ፤ የልጃቸውንም ሞት ይረሳሉ። ጆሯቸው ግን አልከዳቸውም። መኪናዋ የደቻቱን ድልድይ ተሻግራ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ ድምፁን ይለዩና ከበረንዳው ይነሳሉ። የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው "መጣህ ልጄ?" ይላሉ።

ዝናሽ በየቀኑ ዓብዩ ሆና ትገባለች፤ ዝናሽ ሆና ትወርዳለች። ስትወርድ ፊታቸው ላይ የሚሆነውን የምታየው እሷ ብቻ ናት። "ዓብዩስ?" ሲሏት መጀመሪያ እውነቱን ትነግራቸው ነበር። እንደ አዲስ ያለቅሳሉ፤ እንደ አዲስ ይረሳሉ። በኋላ "ይመጣል" ማለት ጀመረች። እሱ ደግሞ ባሰ፤ ሲጠብቁ ያመሻሉ።

አንድ ቀን ከዋሂል ስትመለስ የራዲያተሩ የውሃ ቱቦ ፈነዳና ሞተሩ ተቃጠለ። ጦልሃ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትቶ አየው፤ በዓብዩ ቀብር ላይ ያለውን ደገመ። "ኢና ሊላሂ።"

ሰንበትበት ብሎ ወደ ጋራዡ ጠራት። በአሮጌ ጎማዎች ላይ ሁለት ሞተሮች ተቀምጠዋል።

"ሁለቱም የዚያው ሞተር ዘር ናቸው" አላት። "ይሄ ቀይ ጽሑፍ ያለበት የዓብዩ ሞተር ታናሽ ነው። በሲሊንደር አራት ቫልቮላ፣ ልክ እንደዚያኛው፤ ውስጡ ብቻ ጠንከር ይላል። ምንም ሳልቆርጥ፣ ሳልበይድ ቁጭ ይላል። ጥቁሩ የመጨረሻው ትውልድ ነው። በሲሊንደር አምስት ቫልቮላ፣ አራቱም ሲሊንደር የየራሱ መተንፈሻ አለው። ጉልበቱ ይበልጣል። ግን ሽቦው ሁሉ ይለወጣል፤ እኔም አበሳዬን አያለሁ። ወላሂ፣ ለቲማቲም ቀዩ ይበቃል።"

"እስኪ አስነሳልኝ።"

ጦልሃ ባትሪ አገናኝቶ፣ ነዳጅ በጀሪካን ሰጥቶ ቀዩን አስነሳው። ዝናሽ ዓይኗን ጨፈነች። ዓብዩ ጠዋት ግቢ ውስጥ መኪናውን ሲያሞቅ ከአልጋዋ ሆና የምትሰማው ድምፅ ነው፤ ምንም አልጎደለውም። ጦልሃም እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ያው ነው፣ አይደል?" አላት። "እሱን ስፈልግ ነው የቆየሁት።"

"ጥቁሩንስ?"

ጥቁሩ ሲነሳ ድምፁ ስል ነበር። ነዳጅ ሲሰጠው ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚጮኸው ጮኸ። ዝናሽ አዳመጠችው፤ ማንንም አላስታወሳትም።

"እሱን ግጠምልኝ።"

"አቦ ዝናሽ! ዓብዩ ይህን ቢሰማ…"

"ዓብዩ አይሰማም፣ ጦልሃ። የሚሰሙት አባቱ ናቸው።"

ጦልሃ ጎንበስ አለና ሞተሩን አጠፋ። "እሺ እህቴ" አለ ቀና ሳይል።

የመኪናዋ ሥራ አልቆ እንደ ልማዷ ዋሂል ደርሳ ስትመለስ፣ ዝናሽ ድልድዩ ላይ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላላች። የግቢው በር ላይ ደርሳ ቆመች። ማንም አልወጣም። በሩን ሲከፍቱላት የኖሩት እሳቸው ስለነበሩ መወርወሪያው ከውጭ በየት በኩል እንደሚሳብ እንኳ አታውቅም። እጇን በቀዳዳው አሾልካ ስትታገል ቆይታ ከፈተችው።

ጋሽ ወልደማርያም በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ፊታቸው ደህና ነው።

"መጣሽ ዝናሽ?" አሏት። በስሟ ከጠሯት ስንት ጊዜ ሆኖ ነበር!

"መጣሁ፣ አባባ።"

"የማን መኪና ነው?"

"የኔ ነው።"

"ጥሩ ሞተር ነው" አሉ፤ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ መልሰው። "ዓብዩ ደስ ይለዋል። በሩን አትዝጊው፣ አሁን ይመጣል።"

ዝናሽ በሩን እንደተከፈተ ተወችውና ባዶ ጆንያዎቿን ከመኪናው ማውረድ ጀመረች።