ሁለት ሚሊ ሜትር ስፖንጅ

የአምቦው ድሬሰር መርጋ የገጠመው ችግር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በራኬት ላስቲክ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው 2.0 የሚለው ቁጥር የምኑ ውፍረት ነው?

በ1962 ዓ.ም. ጌዶ ላይ በተደረገው የጠረጴዛ ቴኒስ ግጥሚያ፣ ዳኛዋ ወይዘሪት ፀዳለ የራኬቱን ላስቲክ በመለኪያ ብረት ለክታ፣ "ከአራት ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ በዚህ መጫወት አይቻልም" ብላ መለሰችበት። መርጋ ላስቲክ የሌለው ባዶ ጣውላ ተውሶ ገባ። የጌዶው ነጋዴ ከበበው እንደ ልጅ አጫወተው። ሲጨርሱም እጁን እየጨበጠ፣ "ኦቦ መርጋ፣ በመክተፊያ መጫወት መቼ ጀመርክ?" አለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የአምቦ ቡድን አለቃ መምህር አሻግሬ ግን አልሳቀም። "የከርሞው ግጥሚያ አምቦ ላይ ነው" አለው። "ያን ጊዜም ራኬትህ ከተመለሰ ወይም እንዲህ ከተሸነፍክ፣ ቦታህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

መርጋ የጉደር ልጅ ነው። አምቦ ተቀጥሮ ከገባ ወዲህ ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ ይውላል። ከሥራ በኋላ ያለችው ደስታ ያቺ ጠረጴዛ ብቻ ናት። እሷን ካጣ ምን እንደሚሠራ ማሰብ እንኳ አልወደደም።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ሊመረምር ተነሣ። የተመለሰበትን ላስቲክ ከጣውላው ላይ ላጠና በምላጭ ቆረጠው። የተቆረጠውን ጎን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ቢያየው፣ አንድ መስሎት የኖረው ነገር ለካ ሁለት ነው። ከላይ ኳሷን የሚነካው ቀይ ላስቲክ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ቢጫ ስፖንጅ። ሁለቱን ለያይቶ፣ የተጋገረውን ማጣበቂያ ፍቆ፣ ከጋራዥ በተዋሰው መለኪያ ስፖንጁን ለብቻው ለካው። ልክ ሁለት ሚሊ ሜትር። ቀዩ ላስቲክ ከአንድ ተኩል ትንሽ አለፈ። የማሸጊያው ቁጥር የሚናገረው ስለ ስፖንጁ ብቻ ነበር! የዳኛዋ አራት ሚሊ ሜትር ግን ላስቲኩንም፣ ስፖንጁንም፣ ማጣበቂያውንም አንድ ላይ ይቆጥራል።

እዚህ ላይ መርጋ ራሱን ያዘ። አምቦ ውስጥ የራኬት ላስቲክ የሚለጥፈው ጎሚስታው ኦልጅራ ነው፤ የሚለጥፈውም የተበሳ ጎማ በሚደፍንበት ማስቲሽ ነው። ማስቲሹን ደራርቦ መቀባት ልማዱ ነው። ያንን ላስቲክ ሲያስለጥፍ ደግሞ መርጋ ራሱ፣ 2.0 የጠቅላላው ውፍረት መስሎት፣ ገና ብዙ ቦታ አለ ብሎ፣ "አትሰስት፣ ደህና አድርገህ ቀባው" ብሎት ነበር። የተረፈው ቦታ ግን ከስስ ካርቶን አይበልጥም ነበር።

ባለ አንድ ተኩል ስፖንጅ ቢገዛ ይገላገል ነበር። ነገር ግን ስፖንጁ በሳሳ ቁጥር ኳሷ ቶሎ ጣውላው ላይ ትደርሳለች፤ ለመከላከል ይመቻል፣ የምቱ ፍጥነት ግን ይቀንሳል። መርጋ ደግሞ የሚያውቀው መምታት ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ያስመጣው እንደገና ባለ 2.0 ሆነ። መቀነስ ያለበት ማስቲሹ ነው።

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስስ አድርገህ" አለው ኦልጅራን።

"አል ቶኮ? አንዴ ብቻ? ኦቦ መርጋ፣ ስፖንጅ እኮ ማስቲሽ ይጠጣል። ካልደረብኩበት ይላቀቃል።"

"ከደረብክበት ከቡድኑ የምላቀቀው እኔ ነኝ።"

ኦልጅራ ብሩሹን በጣሳው ጠርዝ ጠራርጎ አንዴ ቀባ። "ቢነሣ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ይስማ" አለ፤ ሱቁ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

የግጥሚያው ቀን ወይዘሪት ፀዳለ መለኪያዋን አወጣች። ከበበው አንገቱን አስግጎ ያያል። አሻግሬ ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል። ለካች፤ ራኬቱን አዙራ እንደገና ለካች።

"አራት አልሞላም። ይግቡ" አለች።

በመጨረሻው ጨዋታ መርጋ ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ እየመራ፣ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀረው፣ ራኬቱ ላይ አውራ ጣቱን አስኬደ። ያለፈችውን ኳስ ሲመታ ድምፁ ተለውጦበት ነበር። ላስቲኩ ከጫፉ ተነሥቷል። ለዳኛዋ አሳያት።

"መቀየር ይችላሉ። ካልፈለጉም ይቀጥሉ" አለችው።

"መክተፊያውን አምጡለት እንጂ" አለ ከበበው ከማዶ።

አሻግሬ እንደ አምናው ያለ ባዶ ጣውላ ይዞ አንድ እርምጃ ቀረበ። መርጋ አየው፤ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። በኃይል ከመታ ላስቲኩ ይገነጠላል። ከእጀታው አጠገብ ግን ማስቲሹ ገና እንደያዘ ነው።

ከበበው ኳሷን ወደ ላይ ወረወረ። ዕድሜውን ሁሉ ሲመታ የኖረው መርጋ፣ አሁን ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ኳሷን በዚያች በያዘችው ቦታ ብቻ ተቀብሎ፣ ሳይመታ ከመረቡ ማዶ ሊያስቀምጣት እየሞከረ ነው።