መልቀቅም ጉልበት ይጠይቃል

አጎቴ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። ቀጨኔ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር፣ ምሳ ላይም ቢሆን፣ «እጅሽን አምጪ» ይሉኝና ጣቶቻቸውን በጣቶቼ መሃል ያስገቡ ነበር።

«የኔ ጣቶች ማዮሲን፣ ያንቺ አክቲን፤ ሁለቱም የጡንቻ ክሮች ናቸው። ጡንቻ ሲኮማተር ክሮቹ አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው መሃል ይንሸራተታል እንጂ። ታዲያ ለመሳብ ብቻ አይደለም፣ ለመልቀቅም ጉልበት ያስፈልጋል። ማዮሲን ኃይል ካጣ አክቲንን እንደያዘ ይቀራል። ሬሳ የሚደርቀው ለዚህ ነው።»

ባለቤታቸው «ኧረ በመድኃኔዓለም! ገበታ ላይ ሬሳ?» ብለው ይቆጣሉ። ጋሼ ይስቃሉ፤ ጣቶቼን ግን አይለቁም።

ያረፉት ሰኞ ጠዋት ነው፤ እጃቸው በእጄ ውስጥ ነበር። ሊገንዙ የመጡት ጎረቤታቸው «በቃ ልጄ፣ ልቀቂያቸው» አሉኝ።

የጋሼ ጣቶች ገና ለስላሳ ነበሩ። አንላቀቅም ያሉት የእኔ ናቸው።