የከድር እንቁራሪት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን በየጊዜው እየዘለልኳት ፀጉሬ ሸበተ። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

የአራዳ ልጅ ነኝ። እሪ በከንቱ ተወልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ እዚያው መምህር ሆንኩ። ሥራዬ እንቁራሪቶችን መለየት ነው፤ ይቺ ከዚያች በምን ትለያለች፣ ከየትኛው ወገን ትመደባለች፣ ስም አላት ወይስ የላትም? በዚህ ሥራ ጎበዝ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ የማፍርበት ሌላ ነው።

ከድር ባልደረባዬና የልብ ጓደኛዬ ነበር። ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ፒያሳ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። አንድ ክረምት ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ወርዶ አውራ ጣት የማታክል እንቁራሪት ይዞ መጣ። ስም ያላት እንደማይመስለው ነገረኝ። አብረን ለካናት፣ ጣቶቿን በማይክሮስኮፕ አየን፣ ከታወቁት ሁሉ ጋር አስተያየናት። እውነትም አዲስ ነበረች። በሟች እናቱ በዘይነባ ስም ሊሰይማት አሰበ። ነገር ግን ድምፅዋን ሳይቀዳ ግኝቱን ማሳተም አልፈለገም፤ የምትጮኸው በዝናብ ወቅት ብቻ ስለሆነ የሚቀጥለውን ክረምት እንድንጠብቅ ለመነኝ።

እኔ አልጠበቅኩም።

በእኛ ሙያ የሚጸናው ቀድሞ የታተመው ስም ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ፣ ተጸጸትኩ ብሎ መለወጥ የለም። ይህን እያወቅኩ ጥናቱን ብቻዬን ጻፍኩት፣ ብቻዬን ላክኩት፣ በአባቴ በመኩሪያ ስም ሰየምኳት። የውጭ ተመራማሪዎች እንዳይቀድሙን ነው አልኩ ለራሴ። ማን ሊቀድመን? ከሁለታችን በቀር ማን ያውቃት ነበር? በደንቡ መሠረት ከእንስሳው ስም ቀጥሎ የሰያሚው የአባት ስም ይጻፋል፤ ስለዚህ መኩሪያ የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ገባ። የከድር ግን የትም የለም።

አባቴ ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ነበር። የታተመውን ሳመጣለት አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ፎቶዋን አየ፣ አየ፣ ከዚያ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያሳያት ጀመር። እኔም አጠገቡ ቆሜ ደረቴን ነፋሁ።

ከድር ወሬውን ሰምቶ ወደ ሱቁ መጣ። ያን ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። አባቴ ምንም ስለማያውቅ ፎቶውን አቀበለውና ይህችን እንቁራሪት ታውቃታለህ ወይ ሲል ጠየቀው። ከድር ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«አውቃታለሁ ጋሼ መኩሪያ» አለ። «ስምዎ አምሮባታል።»

የአባቴን ትከሻ ስሞ ወጣ። እኔን አላናገረኝም፤ እስከ ዛሬም አላናገረኝም። ብዙም ሳይቆይ እንቁራሪቶችን እርግፍ አድርጎ ትቶ ክፍለ ሀገር ሄዶ ማስተማር ጀመረ። አባቴ እየኮራ ኖሮ እየኮራ ሞተ።

ያኔ ለምን አልተናገርኩም? «ያገኛት እሱ ነው» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ደግሞ የባሰውን ልናገር፤ ዛሬም ተማሪዎቼ ያንን ስም ሲጠሩ ደስ ይለኛል። ጽሑፉን ሳነበው አንድ መስመር የምለውጥ አይመስለኝም። ሰርቄም ቢሆን አሳምሬ ሠርቻለሁ፤ እኮራበታለሁ። ይህ ኩራት ካልለቀቀኝ ተጸጸትኩ ብል ማን ያምነኛል?

ተሳሳትኩ አልልም። ሰው የሚሳሳተው ሳያውቅ ነው፤ እኔ አውቄ ነጠቅኩት። ከድር፣ ይቅርታ ብጠይቅህ ያለ አንዳች ወቀሳ እንደምትምረኝ አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው የማልጠይቅህ።