የኻድራ ፔጆ

አደን ፋራህን «መኪናህን ሽጥልኝ» ብሎ መለመን በሰፈራችን የተለመደ ነገር ነበር። አደን ሲከለክል ቁጣ አያውቅም። ለእንግዳው ሻይ ያስቀዳል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሰውየው የዋጋ ጥሪውን እስኪጨርስ በትዕግሥት ያዳምጣል። ከዚያ «የእኔ አይደለችም፤ ባለቤቷ ገና ልጅ ናት። ስታድግ ተመለስ» ብሎ በር ድረስ ይሸኘዋል። ሱቄ ከግቢው አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህን ንግግር እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ይዤዋለሁ።

መኪናዋ ፔጆ 404 ናት። ነጭ ነበረች፤ የጅጅጋ ነፋስና አቧራ የወተት ሻይ መልክ ሰጣት። ጎማዎቿ ተንፍሰው ግራር ሥር ተዘፍዝፋለች። ሚስቱ ሻሚስ ልብስ ታሰጣባታለች፣ ፍየሎች ሥሯ ይተኛሉ፣ ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እኔ ደግሞ ዝርክርክ ነገር ስለማልወድ «አደን፣ ወይ ጠግናት ወይ ቅበራት!» እለዋለሁ በአጥሩ በኩል። እሱ ይስቃል። ግን የባለቤቷ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔው ነኝ።

በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት አደን በዚህችው መኪና ከሐረር ጅጅጋ ሰው ያመላልስ ነበር። አንድ ቀን የሱቅ ዕቃ ገዝቼ ከሐረር ስመለስ ነፍሰ ጡሯ ሻሚስም አብራን ተሳፍራለች። ሐረር ያለችው እናቷ «እዚሁ ውለጂ» ብትላት «ቤቴ ነው የምወልደው» ብላ አሻፈረኝ አለች። ካራማራ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ምጡ መጣ። አደን መኪናዋን ዳር አስይዞ ወረደና ጀርባውን ሰጥቶ ቁርአን መቅራት ጀመረ። እኔና ዐርዶ የምትባል ወተት ነጋዴ የኋላ ወንበር ላይ ቀረን። እኔ «ማርያም፣ ማርያም» ስል፣ እሷ «ያ አላህ» ስትል፣ ኻድራ ወጣች። እትብቷን የቆረጥነው ከካርቶኔ ባወጣሁት አዲስ ምላጭ ነው።

ሶማሌዎች ዘንድ ልጅ ሲወለድ በእትብቱ ስም እንስሳ ይሰጠዋል፤ አቅም ያለው እንስት ግመል፣ የሌለው ፍየል። ከዚያ በኋላ የልጁ ነው፤ አባትም ቢሆን አይነካውም። በስም ማውጫዋ ቀን የአደን አጎት፣ ሽማግሌው ኢልዋድ፣ ከገጠር መጥተው «ለእትብቷ ምን ሰጠሃት?» አሉት። የቤተሰቡን ግመሎች ድርቅ ጨርሷቸዋል። አደን ተነሥቶ ወጣና መዳፉን መኪናዋ ላይ አሳረፈ።

«ይቺን» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢልዋድ ግን አልሳቁም። «ከሰጠህ ሰጠህ። ከዛሬ ወዲያ አትሸጣትም፣ አትለውጣትም» አሉት። አደንም ቃሉን ጠበቀ። ሞተሯ አርጅቶ ስትቆም፣ ከተማውን ባጃጅ ሲሞላው፣ እሱም የሰው ሚኒባስ ነጂ ሆኖ ሲቀር፣ ፔጆዋ ከግራሩ ሥር አልተነቀነቀችም።

ኻድራ ግን መኪናዋን አትወዳትም። እንዴትስ ትውደዳት? ትምህርት ቤት «ኻድራ ፔጆ» እያሉ ሲያበሽቋት ነው ያደገችው። አንድ ቀን ሳሙና ልትገዛ መጥታ «እትዬ ቀለምወርቅ፣ በእኔ ቢሆን ይሄን ቆርቆሮ ለቁራሌው በነፃ እሰጠው ነበር» አለችኝ። አደን ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ባደገች ቁጥር ፊቱ ይከፋ ጀመር። ልጁ ማደጓ የሚያስፈራው አባት በዕድሜዬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው፤ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ኻድራ ዐብዲከሪም የሚባል መምህር አገባች። በሁለት ሺህ ስምንት፣ ነፍሰ ጡር ሆና እናቷን ልትጠይቅ በመጣችበት ቀን፣ ሀብተየስ የሚባል አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጥቶ ግቢው ገባ። አደን እንደ ልማዱ ሻይ አስቀዳ፣ አዳመጠ፣ ከዚያ «የእኔ አይደለችም፤ ባለቤቷ ገና...» ብሎ ቆመ። ባለቤቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች። አደን ደግሞ መዋሸት አይችልበትም።

«ባለቤቷ እሷ ናት» አለ በአገጩ እያመለከተ። እኔ የምመዝነውን ስኳር ትቼ አጥሩ ላይ ተለጠፍኩ፤ ይሉኝታ እንኳ አልያዘኝም።

ሀብተየስ ጨዋ ሰው ነው። ወደ ኻድራ ዞሮ «አዲስ አስመስዬ ነው የማሠራት። ሙሽራ ትሸኝባታለች» አላት።

ኻድራ ቀስ ብላ ተነሣች። ዶሮዋን እሽ ብላ አባርራ የኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያንን በር ስትከፍት አይቻት አላውቅም።

«እትዬ ቀለምወርቅ፣ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«እዚያው የተቀመጥሽበት» አልኳት። «እናትሽ በሩን ተደግፋ፣ አባትሽ ውጭ ቆሞ።»

የተቀደደውን ወንበር በመዳፏ ዳበሰችው። አደን መሬት መሬቱን ያያል፤ «ይውሰዷት» እስክትል እየጠበቀ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። በመጨረሻ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሀብተየስን ቀና ብላ አየችው።

«የእኔ አይደለችም» አለችው። «ለዚህኛው እትብት ሰጥቻታለሁ። ባለቤቷ ገና አልተወለደም፤ ሲያድግ ይመለሱ።»

አደን አለቀሰ። አልደበቀም፤ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ፣ እየሳቀም አለቀሰ። ሀብተየስ ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖ ሄደ። እኔም ሌላ ሃያ ዓመት ከእነዚያ ዶሮዎች ጋር ልኖር መሆኑን እያሰብኩ፣ እያነባሁ ወደ ስኳሬ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ሱቄን ስከፍት አደን ባልዲና ጨርቅ ይዞ የኋላውን ወንበር እያጠበ አገኘሁት።

«ቀለምወርቅ፣ አዲስ ምላጭ አለሽ?» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ሆስፒታል ነው የምትወልደው!» ብዬ ጮህኩበት።

«አውቃለሁ» አለና ማጠቡን ቀጠለ። እኔም አንድ እሽግ ምላጭ ለይቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ።