ሳይሞላ የማይወጣው ባቡር

መኪና ባለፈ ቁጥር ሰሌዳውን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ያለ ምንም ምክንያት ማለቴ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሳትሆኑ፣ የገጫችሁ ሰው ሳይኖር፣ ቁጥሩ እንዳያመልጣችሁ ብቻ? ካላወቃችሁ ላስረዳችሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ እንዲያውም ከልክ በላይ ትወዳለህ ይሉኛል።

ያደግሁት ወልቂጤ ነው። ወልቂጤ ባቡር የለም። ወደ ጅማ የሚወስደው አስፋልት ግን አለ፤ በእሱ ላይ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ያልፋል። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰሌዳ እጽፍ ነበር። ደብተሬ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ አንዱ ለቁጥር፣ አንዱ ለቀለም፣ አንዱ ተሳቢ አለው ወይስ የለውም ለሚለው። አንድ መኪና ሁለተኛ ጊዜ ሲያልፍ የድሮ ወዳጄን ያየሁ ያህል ደስ ይለኛል። ሹፌሩ አያውቀኝም፤ እኔ ግን ማክሰኞ መሄዱንም ዓርብ መመለሱንም አውቃለሁ።

አዲስ አበባ ለትምህርት ስሄድ ነገሩ ባሰብኝ። እዚያ እውነተኛ ባቡር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሀዲዱ አጠገብ ቆሜ የሚያልፈውን ሁሉ እመዘግባለሁ። ያረፍኩት አጎቴ ቤት ነበር፤ ሚስቱ አንድ ቀን ደብተሬን አገላበጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ባቡር ውስጥ የሰረቀህ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም፤ እንዲሁ ነው የምጽፈው።»

«ለመሆኑ ተሳፍረህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ከተሳፈርኩ ቁጥሩ አይታየኝም።»

ለመስቀል አገር ቤት ስንገባ ይህን ለዘመድ ሁሉ አወራችው። ያን ዓመት በየቤቱ ክትፎ የሚያቀርብልኝ ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ፣ ከሌላው ሰው አስበልጦ አቀረበልኝ። ስለዚህ አልተጎዳሁም።

ተመርቄ ቡታጅራ የፊዚክስ መምህር ሆንኩ። በመጀመሪያው ዓመት የሞዴል ባቡር ክበብ አቋቋምኩ። ሞዴል ባቡር ማለት የእውነተኛው ባቡር ትንሽ አምሳያ ነው፤ ሀዲድ፣ ፉርጎ፣ ጣቢያ ሁሉ አለው። አሥራ አንድ ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ ባቡር በዓይኑ ያየ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ክፍልም አልነበረንም። ዳይሬክተሯን ለመንኳቸውና የተሰበሩ ወንበሮች የታጎሩበትን መጋዘን ከፈቱልን።

«ወንበሮቹ እስከ ወላጆች ቀን ጓሮ ይወጣሉ» አሉኝ። «በዚያ ቀን ባቡርህ ወላጆች ፊት አንድ ዙር ሙሉ ይሂድ። ካልሄደ ወንበሮቹ ይመለሳሉ፤ ክበቡም ይዘጋል። ወንበርም ንብረት ነው፣ መምህር።»

ዙሩ ከቡታጅራ ተነስቶ፣ ጉብሬን አልፎ፣ ወልቂጤ ደርሶ መመለስ ነበር። ተራራውን ከጭቃና ከጭድ ሠራነው። ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ አወጣን፤ ጎማዎቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው። ሀዲዱን ከቀርከሃ ስንጥቅ ሠርተን በቃጫ አሰርነው። ጠረጴዛው አራት ማዕዘን ስለሆነ ሀዲዱንም በጠርዙ ዙሪያ አራት ማዕዘን አደረግሁት። በፕሮትራክተር ለካሁት፤ እያንዳንዱ ማዕዘን ልክ ዘጠና ዲግሪ ነው። ባቡሩም በእያንዳንዱ ዘጠና ዲግሪ ላይ ተገለበጠ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ስንገለበጥ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በመስኮት ይመለከቱን ነበር። የመስቃን ሰው ናቸው፤ ጥበቃ ከመሆናቸው በፊት ቤት ሠሪ ነበሩ። አንድ ቀን «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ።

«መምህር፣ ይህ ባቡርህ ማዕዘን ሲደርስ ምን ያያል?»

«ምንም አያይም፣ አባባ።»

«ታዲያ እንደ ጋሪ ፈረስ ለምን ይደነብራል?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስቶች ሳልኩ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቀጥ ብሎ መሄድ እንደሚፈልግ ከነምሳሌው ነገርኳቸው። በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ማሻአላህ። አሁን ይታጠፋል?»

«አይ፣ አይታጠፍም።»

«አያትህ የተወለዱበት ጎጆ ስንት ማዕዘን ነበረው?»

አሰብኩ። «ምንም።»

«አባቶችህ ዘጠና መቁጠር አቅቷቸው ይመስልሃል?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ሳቅሁ። አባባ ጠረጴዛውን አስወጡ። ወለሉ አፈር ነውና መሀሉ ላይ ችካል መቱ፣ ገመድ አሰሩበት፣ በገመዱ ጫፍ ዞረው ክብ አሰመሩ። የቤት ሠሪ ቀርከሃ አይሰበርም፤ ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ እሳት አሳይተው፣ ቀስ እያሉ በመስመሩ ላይ አጎበጡት። በጎጆ ምሰሶ በሚቆምበት መሀል ላይ ተራራችንን አቆምን፤ ከጫፉ የሚወርድ ቀጭን ሽቦ የባትሪ ድንጋዩን ኤሌክትሪክ ለባቡሩ ያደርስለታል። በዚያኑ ሳምንት ባቡሩ ሳይገለበጥ ዞረ።

ቤቴ ገብቼ የአዲስ አበባውን ደብተር ገለጥሁ። ሙሉ ደብተር ቁጥር አለ። ባቡር ሲታጠፍ ሀዲዱ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚጎብጥ ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁም ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፦ «መነሻ ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡00»። ማብሪያና ማጥፊያውን የያዘችው የጣቢያ ኃላፊያችን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባቷ መናኸሪያ ነው የሚሠሩት። ፉርጎው አሥራ ሁለት ወንበር አለው፤ ተሳፋሪዎቹ ዓይንና አፍ የተሳለባቸው ባቄላዎች ናቸው። መጋዘኑ በወላጅ ተሞላ። ዳይሬክተሯ ከፊት ተቀመጡ። አራት ሰዓት ሆነ። ልጅቷ ማብሪያውን በመጫን ፈንታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«ወልቂጤ! ወልቂጤ በጉብሬ! አንድ ሰው የቀረው!»

አየሁ። ተሳፋሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። አንዱን ባቄላ አይጥ ሳይበላው አልቀረም።

«ሰዓቱ ደርሷል፤ ተጫኚው» አልኳት በሹክሹክታ።

«ቲቸር፣ አልሞላም እኮ።»

«ባቡር የሚወጣው በሰዓት ነው።»

«ባዶ ወንበር ይዞ?» አለች፣ በእውነት ደንግጣ።

ወደ ወላጆች ዞሬ ስለ ባቡር መነሻ ሰዓት ማስረዳት ጀመርኩ። አንድ አባት በደግነት አቋረጡኝ። «አትቸኩል ልጄ፤ አንድ ሰው አይጠፋም፣ ይመጣል።» ከኋላቸው የቆሙ እናት ደግሞ፣ «ልጅቷ ልክ ናት! ሳይሞላ ወጥቶ ሹፌሩ ምን ሊበላ ነው?» አሉ። መጋዘኑ በሙሉ ከእነሱ ጋር ነበር። ዳይሬክተሯ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ በመስኮት ጓሮ ያሉትን ወንበሮች አዩ።

አባባ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው መጡ። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ከሚቆረጥሙት ቆሎ መካከል አንዲት ሽምብራ አወጡ።

«ይኸው፣ የመስቃን ሰው ነው። ስለዘገየ ይቅርታ ይላል።»

ልጅቷ ሽምብራውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ዕቃ ይዟል?»

«አልያዘም።»

«ይግባ!»

ባቡሩ ተነሳ። የማስረዳው ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉንም ረሳሁት። በጠረጴዛው ላይ ቢሆን ማዕዘን የሚመጣበት ቦታ ላይ ደረሰ፤ ጎበጥ ብሎ አለፈ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጉብሬ የሚለው ጽሑፍ አጠገብ ሲደርስ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ወራጅ አለ!»

ልጅቷ ወዲያው አጠፋችው። የወራጅ ድምፅ ሰምቶ ዝም የሚል የመናኸሪያ ልጅ የለም። ባቡሩ ቆመ። ሁላችንም ወራጁን ፍለጋ ዞርን። ዳይሬክተሯ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«የእናቴ ቤት ጉብሬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሳላስበው አመለጠኝ።»

ልጅቷ ማብሪያውን ደግማ ተጫነች። የባትሪው ድንጋይ በልምምድ ብዛት ደክሞ ነበርና ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ሦስት አባቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «እንግፋው!»

«አይገፋም!» አሉ ዳይሬክተሯ። «ተገፍቶ የዞረ አይቆጠርም።»

ተማሪዎቼ እኔን ያዩኛል። መዋሸት አልቻልኩም፤ «ዙሩን አልጨረሰም» አልኩ።

ዳይሬክተሯ ረጅም ጊዜ ባቡሩን አዩት። «አልጨረሰም። ያስቆምኩት ግን እኔ ነኝ፤ ራሴ አስቁሜ ራሴ ልፈርድ አልችልም። ለሚቀጥለው ዓመት ይታይ። ክፍሉ እስከዚያ ይቆይላችሁ።» ሲወጡ ጎንበስ ብለው አንዷን ባቄላ ከፉርጎው አነሱና ጉብሬ ጣቢያ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጧት።

ወንበሮቹም አልተበደሉም፤ አባባ ጓሮ ውስጥ ዳስ ሠሩላቸው። ክብ ነው። እኔም የመነሻ ሰዓቱን ጽሑፍ አንሥቼ «ሲሞላ» ብዬ ጻፍኩ።

እባካችሁ እናንተም ሞክሩት። አስቸጋሪ አይደለም፤ አንድ ችካል፣ አንድ ገመድ፣ ትንሽ ቀርከሃ ይበቃል። ስትጨርሱ ጎረቤት ጥሩና አዙሩት። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ኪሳችሁ ውስጥ አንዲት ሽምብራ መኖሯን አረጋግጡ።