ሉዋም የሰረዘችው ሥራ

ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ በላይ ባለው ፎቅ፣ ሉዋም የሰው ሥራ ታዋህዳለች። ኮድ የሚጽፉት ባልደረቦቿ በየኮምፒውተራቸው የሠሩትን ይልካሉ። ሁለት ሰው አንዱን መስመር በየፊናው ከለወጠው፣ ጊት የሚሉት ፕሮግራም ቀጥ ይልና «የማንን ልያዝ?» ብሎ ይጠይቃታል። ድሮ ሁለቱንም ጠርታ ታስማማ ነበር። አሁን አንዱን ትይዛለች፣ ሌላውን ትጥላለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች። ሽማግሌነትም ሲበዛ ያደነዝዛል።

ሃይለኣብ አዲስ ገብ ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የቀረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር። ለመድኃኒት ቤቶች የሚሸጠውን ፕሮግራም የዕቃ ክምችት ክፍል ብቻውን ሠርቶ አስረከበ፤ ሉዋም ከዋናው ጋር አዋሃደችው። ወዲያው አባቱ አረፉ። እሱ ሐዘን ተቀምጦ ሳለ ሥራው ላይ ስህተት ተገኘና አለቃቸው አቶ ገብረየስ «ለጊዜው ሰርዢው» አሏት። ሰረዘችው።

ማን ይንገረው? ሉዋም ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ወዳለው ለቅሶ ቤት ሄዳ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሐዘንተኛ ላይ መርዶ አይደረብም፣ ሲመለስ ይደርሳል አለች። ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ ሲመለስ ደግሞ ዛሬስ ይለፈው አለች። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ደግ መስሎ ይገባና ቤቱን ይወርሳል።

ሃይለኣብ ስህተቱን በራሱ አግኝቶ አርሞ ላከ። ጊት ቆሞ «የማንን ልያዝ?» አላት። እንደ ልማዷ ሳታነብ፣ ሥራው የተሰረዘበትን ዋናውን ያዘች፤ እርማቱ ወደቀ። የቀረው ሥራውም አልተመለሰም፤ ጊት አንዴ የተዋሃደን ነገር፣ በኋላ ቢሰረዝም፣ ገብቷል ብሎ ነው የሚቆጥረው።

ደንበኞቹ ሊያዩ በመጡ ቀን የክምችቱ ገጽ ባዶውን ወጣ። «ሠራሁ ያልከው ይህን ነው?» አሉት አቶ ገብረየስ፤ እርማቱ ሲላክ ስረዛው የተነሳ መስሏቸው ነበር። ሃይለኣብ ገጹን ደግሞ ከፈተው፤ ያው ባዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት አሰናበቱት።

ሉዋም ይህን ስትሰማ ስረዛውን ራሱን ሰረዘችው፣ እርማቱንም አስገባች። ሥራው እንዳለ ተመለሰ፤ ግን የመለሰችው እሷ ስለሆነች ጊት በእሷ ስም መዘገበው።

«ጎበዝ፣ በአንድ ጠዋት ጨረስሽው» አሏት አቶ ገብረየስ።

«የሃይለኣብ ነው። እኔ የሰረዝኩትን ነው የመለስኩት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ዋጠሽ? ትናንቱኑ በሱ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ።»

ሃይለኣብ ቻርጀሩን እየጠቀለለ ሲወርድ ደረጃው ላይ ደረሰችበትና ሁሉንም ነገረችው። ቆጣ እንኳ አላለም።

«ያኔ ለቅሶ ቤት ብትነግሪኝ፣ ከአባቴ ጋር አብሬ አለቅሰው ነበር» አላት።

ቦሌ አራብሳ ቤቷ እስክትደርስ አውቶቡሱ ውስጥ እንባዋን ጠበቀች። አልመጣም።