ሳይጠጡ የሰከሩት ቄስ ጥላዬ

በሲማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ራቅ ባለች አንዲት ደብር የሚያገለግሉት ቄስ ጥላዬ ጠላ እንኳ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። አባታቸው በመጠጥ ሲጎዱ ስላዩ ገና ዲያቆን ሳሉ የተዉት ነገር ነው። አገሩም ይህን ያውቃል፤ ሠርግ ቤት ሲገቡ አንዱ ተነሥቶ «ለቄስ ጥላዬ ውኃ!» ይላል።

አንድ ክረምት እያረሱ ሳለ ማረሻ እግራቸውን ቆረጣቸው። ቁስሉ አመረቀዘ። ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ዘንድ አልሄዱም፤ ከወገዳ መድኃኒት መደብር የገዙት እንክብል ሲያልቅ ሌላ እየቀየሩ እስከ መስቀል ድረስ ዋጡ። እግራቸው ዳነ። ሆዳቸው ግን ይነፋ ጀመር። እህል በቀመሱ ቁጥር ራሳቸው ይዞራል፣ ዐይናቸው ይከብዳል። ድካም ነው ብለው አለፉት።

ነገሩ አደባባይ የወጣው በጥቅምት፣ በአንድ ሽማግሌ ቀብር ላይ ነው። ቄስ ጥላዬ ምሳ በልተው ነበር የሄዱት። ፍትሐቱን ሲያደርሱ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ከልጅነት ጀምሮ በቃላቸው የያዙት ግእዝ ተምታታባቸው። መስቀሉ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም ተከተሉት። ደግፎ ያነሣቸው የሟቹ ልጅ ይሁኔ ትንፋሻቸው ሸተተው።

«አረቄ ጠጥተው ነው አባቴን የሚሸኙት?» ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ የነበሩት የደብሩ አለቃ ቀለመ ወርቅ አስጠሯቸው።

«ጠጥተው ነበር?»

«አልጠጣሁም።»

«እኔንም ሸቶኛል እኮ!»

«እኔንም ሸቶኛል፤ ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም።»

አለቃም «እስኪጣራ ድረስ ከመቅደስ ይቆዩ» አሏቸው።

ቄስ ጥላዬ ቤታቸው ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ሚስታቸው ላቀችም መጀመሪያ ተጠራጥራ ነበር። ጓዳውን፣ ጎተራውን፣ የገለባውን ክምር ሳይቀር ፈተሸች፤ ምንም አላገኘችም። ስለዚህ አንድ ቀን ከጎናቸው ሳትነሣ ዋለች። ማለዳ ደኅና ነበሩ። ቂጣና በሶ በሉ። ፀሐይ ስትበረታ ፊታቸው ቀላ፣ ንግግራቸው ተጎተተ፣ አፋቸው ጠላ ጠላ ሸተተ።

«አንቱ ሰው! ዛሬ ከዐይኔ አልራቁም። የሚያሰክርዎ እህሉ ነው!» አለች።

ነጠላዋን አጣፍታ አለቃ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሄደች። አለቃ ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ምን ይገርማል ብለው አሰቡ፤ ቢሆንም «እንግዲያው ሐኪም ይያቸው» አሉ። መንገዱ እንደተከፈተ ባልና ሚስቱ በአውቶቡስ ተሳፍረው ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ወረዱ።

ወጣቱ ዶክተር ኤፍሬምም ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አልቀረም። ላቀች አልሳቀችም።

«ልጄ፣ አስተኝተህ እያቸው። በር ላይ ሰው አቁም፤ ከዚያ በኋላ ትፈርዳለህ።»

ኤፍሬም አስተኛቸው፤ ከትራፊክ ፖሊስም የትንፋሽ መለኪያ ተዋሰ። ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ሲነፉበት ዜሮ አለ። ከዚያ ዳቦና ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ተሰጣቸው፤ ነርሷ ከአልጋቸው አጠገብ አልተለየችም። ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ጮኸ። ያመጣው ፖሊስ ቁጥሩን አይቶ «አባ፣ ሹፌር ቢሆኑ ኖሮ መንጃ ፈቃድዎን እወስድ ነበር» አላቸው። ቄስ ጥላዬ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

የሰገራ ምርመራው ውጤት ከመጣ በኋላ ኤፍሬም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አባ፣ በሁላችንም አንጀት ውስጥ ፈንገስ ይኖራል። አንዳንዱ የእርሾ ዘመድ ነው። ባክቴሪያዎቹ ቦታ ስለማይለቁለት በልኩ ይኖራል፤ አይጎዳንም። ለእግርዎ የዋጡት መድኃኒት ግን ባክቴሪያዎቹን አመናመናቸው። እርሾው ተንሰራፋ፤ የሚበሉትን እህል ወደ አልኮል እየለወጠው ነው። ብዙ የማይገጥም በሽታ ነው፤ ይታከማል።»

«እንግዲህ ሆዴ ጋን ሆኗል በለኛ!»

«ያውም ጌሾ የማይፈልግ ጋን።»

ፈንገሱን የሚያጠፋ እንክብል አዘዘላቸው። ስኳር እንዲተዉ፣ እህል እንዲቀንሱ፣ እንቁላል፣ ሥጋና ጎመን እንዲያዘወትሩ ነገራቸው። ያን ጊዜ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ቄስ ጥላዬ «እንቁላልማ አይሆንም» ብለው አገራቸው ገቡ።

ኤፍሬም ቀድሞ ለአለቃ ቀለመ ወርቅ ደውሎላቸው ኖሯል። አለቃ ከገዛ ዶሮዎቻቸው እንቁላል በገለባ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«ከመቅደስ ያስቀረሁዎ እኔ ነኝ፤ ይብሉ የምልዎም እኔ ነኝ። ሕመምተኛ ጾም አይገደድም» አሉና ለላቀች ሰጧት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ራሳቸው ለምእመናኑ ነገሩን አስረዱ። ይሁኔ መጥቶ የቄሱን ጉልበት ሳመ። ግማሹ ሕዝብ አመነ፤ ግማሹ «እስቲ እናያለን» አለ።

መዳኑ ቀጥ ያለ አልነበረም። ለጥምቀት ማር በዳቦ ቀምሰው ራሳቸው ዞረ፤ ኤፍሬም መድኃኒቱን እንደገና አስጀመራቸው። ከፋሲካ በኋላ ግን መለኪያው ከእህል በኋላም ዜሮ አለ፤ ለዳግማ ትንሣኤ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ቀደሱ። ድምፃቸው አልተደናቀፈም። ዛሬ ምእመናኑን ሲመክሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንክብል እንዳይውጡ ይናገራሉ፤ ሰውም ይሰማቸዋል፤ ያየው ነገር ነውና።

በቅርቡ ላቀች ከብዙ ወራት በኋላ ሙሉ እንጀራ በምስር ወጥ አቀረበችላቸው። ቀስ ብለው በሉ። ራሳቸው ይዞር እንደሆነ ለማየት ሁለቱም ደጅ ወጥተው ተቀመጡ። ጥላው እስኪረዝም ምንም አልተሰማቸውም፤ ቄስ ጥላዬ ተነሡና «የማስታርቃቸው የወሰን ጠበኞች እየጠበቁኝ ነው» ብለው በትራቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ።